መርጋትሮይድ፦ ከአንድ የዮርክሽር ምንጣሮ የወጣ ስም

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። የቤተሰቡ ስም መርጋትሮይድ ይባላል። ሰው ስሙን ሲሰማ ይስቃል። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ‹ስማችን መነሻው ፈረንሳይ ነው፤ አያቶቻችን እንግሊዝ አገር የባሮኔት ማዕረግ ነበራቸው፤ ፊደሉን ያበላሹብን የኤሊስ ደሴት ሠራተኞች ናቸው› ይላሉ። የቤተሰቡ ነው የተባለ የጋሻ አርማም ከኢንተርኔት ገዝተው ሳሎን ሰቅለዋል። አሁን ልጅ ልንወልድ ነው። ባለቤቴ ከዚያ በፊት ስሙን አሳጥሮ ‹ሮይድ› ሊያደርገው አስቧል። እውነቱ ምንድን ነው? ይህን ስም የያዙ ሰዎችስ ዛሬ የት ነው ያሉት? ማሳጠሩ ጉዳት አለው?»

አማትዎ ከነገሩዎት ውስጥ ትክክል የሆነው ስሙ ከእንግሊዝ መምጣቱ ብቻ ነው። ፈረንሳይኛ አይደለም። የባሮኔቱ ወሬ መነሻው ቲያትር ነው። አርማው ከተከፈለበት ገንዘብ በቀር ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ስደተኞች ይመረመሩበት የነበረው የኤሊስ ደሴቱም ታሪክ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ፊት አይቆምም። ግን አይዘኑ፤ እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ከስሙ ልነሳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መርጋትሮይድ የቦታ ስም ነው። ቦታው ዋርሊ በሚባል መንደር ክልል ውስጥ የነበረ አንድ የእርሻ ይዞታ ነው። ዋርሊ ከሃሊፋክስ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በምዕራብ ዮርክሽር፣ ከካልደር ወንዝ ሸለቆ በላይ ያለ ዳገታማ አገር ነው። «ሮይድ» የሚለው መጨረሻ «ምንጣሮ» ማለት ነው፤ ጫካ ተመንጥሮ ለእርሻ የወጣ መሬት። በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ «ሮድ» ነበር። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር የሸለቆው መሬት ጠበበ። ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ ወደ ዳገቱ ወጣ። እያንዳንዱ የተመነጠረ ቁራሽ ስም ይወጣለት ነበር፤ አንዳንዴ በመንጣሪው፣ አንዳንዴ በዛፉ፣ አንዳንዴ በአቅጣጫው። አክሮይድ የሚባሉት ስማቸው ከባሉጥ ዛፍ ምንጣሮ ነው የመጣው። ሆልሮይድ፣ ኦልድሮይድ፣ ቡዝሮይድ፣ ሊሮይድ የሚባሉትም የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። ከዋርሊ ብዙ ሳይርቅ ሚቶልምሮይድ የሚባል ትልቅ መንደርም እስከ ዛሬ አለ።

«ሮድ» እንዴት «ሮይድ» ሆነ? አማትዎን ወደ ፈረንሳይ የወሰዳቸው ይህ «ኦይ» የሚለው ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። መልሱ ግን የአካባቢው አነጋገር ነው። ሌላው እንግሊዛዊ «ኮል» ወይም «ሆል» በሚልበት ቦታ የምዕራብ ዮርክሽር ሰው «ኮይል» እና «ኦይል» ይላል። የከሰል ማስቀመጫዋን ጓዳ «ኮይል ኦይል» ብለው የሚጠሩ ሽማግሌዎች እዚያ አገር ዛሬም አይጠፉም። «ሮድ» የሚለው ቃል በእነዚህ ሰዎች አፍ ሲዞር «ሮይድ» ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ድምፁ ራሱ የትውልድ ቦታ ማስረጃ ነው። በ«ሮይድ» የሚያልቅ ስም ያለው እንግሊዛዊ ካጋጠመዎት ዘሩ ከዚያ ዳገት መሆኑን በድፍረት መገመት ይችላሉ። ሎይድና ፍሎይድ ግን እዚህ አይገቡም። እነሱ የዌልስ ስሞች ናቸው፤ ትርጉማቸውም «ሽበታም» ወይም «ግራጫ» ነው። መመሳሰሉ የጆሮ ብቻ ነው።

ወደ ስሙ የመጀመሪያ ክፍል እንምጣ። እዚህ ላይ ባለሙያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን «የማርጋሬት ምንጣሮ» ይላል። ማርጋሬት የተባለች ሴት ይዞታ ነበረች ማለት ነው። ብዙ መዝገበ ቃላት የያዙት ይህን ነው። ሁለተኛው ወገን ስሙን «ሙር»፣ «ጌት»፣ «ሮይድ» ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። «ሙር» ዛፍ የሌለበት፣ ከብት የሚሰማራበት ደጋ ነው። «ጌት» ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ በር ማለት አይደለም። ከቫይኪንጎች ቋንቋ የተወረሰ ቃል ነው፤ መንገድ ማለት ነው። ሲገጣጠም «ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ ምንጣሮ» ይሆናል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ምክንያቴን ልንገርዎት።

በ1371 አንድ ሰው የዋርሊ ኮንስታብል ሆኖ ተሾመ። ኮንስታብል ያኔ የዛሬው ፖሊስ አልነበረም፤ የእኛን ጭቃ ሹም ቢያስቡ ይቀርባል። ጸጥታ ያስከብራል፣ ግብር እንዲሰበሰብ ያደርጋል፣ የመንደሩን ጉዳይ ለጌታው ፍርድ ቤት ያቀርባል። የሰውየው ስም በመዝገብ የሰፈረው «የሞርጌትሮይዱ ዮሐንስ» በሚል ነው። ከስሙ በፊት «ደ» የሚል የላቲን ቃል አለ፤ ሥራው ከሞላ ጎደል የእኛ ግእዝ «ዘ» የሚሠራው ነው፤ «የዚህ አገር ሰው» ለማለት። የመጀመሪያው ክፍል በ«ሞር» መጻፉን ልብ ይበሉ። «ማር» ወይም «መር» አይልም። አንድ ጸሐፊ የጆሮውን ነው የጻፈው፤ የሰማው ድምፅ ወደ ደጋው ያደላል። ስሙን ለአማትዎ ፈረንሳይኛ ያስመሰለባቸው ይህም «ደ» ሊሆን ይችላል። ያኔ ግን መዝገብ በላቲን ይጻፍ ስለነበር በቦታው ስም ከሚጠራ ተራ እንግሊዛዊ ገበሬም ስም ጋር «ደ» ይገባ ነበር። የመኳንንት ምልክት አይደለም።

ለአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረገጥ አለብኝ። የእኛ ስም «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ በየትውልዱም ይለወጣል። የእንግሊዙ ስም ግን በአንድ ዘመን ላይ ቆሞ ቀርቷል። በ1300 አካባቢ ያ የዋርሊ ገበሬ ወደ ሌላ እርሻ ቢዛወር ስሙ ሊለወጥ ይችል ነበር። በ1400 አካባቢ ግን ልጁ ሌላ መንደር ሄዶም መርጋትሮይድ ነበር። ስሙ ከመሬቱ ተነቅሎ ከደሙ ጋር ተጣበቀ። እነ መርጋትሮይድ ምንጣሮውን ከለቀቁ ስድስት መቶ ዓመት ቢሆናቸውም ስሙን ይዘውት ይዞራሉ።

ስሙ ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ በየመንደሩ ስለነበረ በመላው እንግሊዝ እርስ በርስ የማይዛመዱ ስሚዞች በቀሉ። መርጋትሮይድ የሚባል ምንጣሮ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ስሙ ከአንድ ቤተሰብ የፈለቀ መሆኑ በጣም የሚያስኬድ ነው። በ1348 እንግሊዝ የገባው ጥቁሩ ሞት ብዙ እንዲህ ያሉ ስሞችን ከነባለቤቶቻቸው ጠርጎ ወስዷል። የተረፉት ደግሞ ወንድ ልጅ በብዛት የወለዱት ናቸው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ላይ የተሠራው ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ሥራ 40 የብሪታንያ የቤተሰብ ስሞችን የያዙ 1,678 ወንዶችን መርምረዋል። እንደ ስሚዝ ያለ ስም የያዙት ወንዶች ከማንኛውም መንገደኛ የበለጠ አይዛመዱም። ብርቅ ስም የያዙት ግን ብዙዎቹ የአንድ ሰው ዘር ሆነው ተገኙ።

ይህ ማለት ግን መርጋትሮይድ ሁሉ ወንድምና እህት ነው ማለት አይደለም። ባል ሳይኖራት የወለደች ሴት ስሟን ለልጇ ትሰጣለች። ጉዲፈቻ አለ። የእንጀራ አባት ስም የወሰደ አለ። ስድስት መቶ ዓመት ረጅም ነው፤ ብዙ ነገር ይገባበታል።

አሁን ስርጭቱን እንይ። ለብዙ መቶ ዓመታት እነ መርጋትሮይድ ሩቅ አልሄዱም። ምክንያቱ ኑሯቸው ነው። የዚያ ዳገት መሬት ስስ ነው፤ አጃና ጥቂት ላም እንጂ ሌላ አያበላም። ሰዉ ግማሽ ቀን ገበሬ፣ ግማሽ ቀን ሸማኔ ነበር። ሱፍ ቤቱ ውስጥ ይፈተላል፣ ይሸመናል፤ ቅዳሜ ጨርቁ ትከሻ ላይ ሆኖ ሃሊፋክስ ገበያ ይወርዳል። መሬቱ ለወንዶች ልጆች ሁሉ ባይበቃም ሽመናው ስለሚያኖራቸው እዚያው ይቀራሉ። ስሙም እዚያው ተባዛ። ከመሃከላቸው ከበርቴ የሆነም ወጥቷል። ጄምስ መርጋትሮይድ የተባለ የሃሊፋክስ የሱፍ ጨርቅ ነጋዴ ኪትሊ ከተማ አጠገብ ኢስት ሪድልስደን የሚባለውን ግቢ ገዝቶ በ1640ዎቹ ትልቅ የድንጋይ ቤት አሠራበት። ቤቱ ዛሬ የብሔራዊ ቅርስ ማኅበሩ ንብረት ነው፤ ማንም ከፍሎ ይጎበኘዋል። ከግቢው አንዱ ሕንፃ ላይ የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊና የንግሥቲቱ ፊት በድንጋይ ተቀርጿል። «ንጉሡ ለዘላለም ይኑር» የሚል ጽሑፍ በፈረንሳይኛ አለ፤ ዓመቱ 1648 ነው። ንጉሡ ያኔ በጠላቶቹ እጅ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ አንገቱ ተቆረጠ። ያን ጽሑፍ በዚያ ሰዓት ደጃፍ ላይ ማስቀረጽ ድፍረት ይጠይቃል። የአገሩ ሰው ደግሞ በነዚህ መርጋትሮይዶች ላይ ተረት አለው፤ ከክፋታቸው የተነሣ አየር የተባለው ወንዝ ተጸይፏቸው ፊቱን አዞረ ይላል። ጎረቤት በከበርቴ ላይ የሚያወራው የትም አገር አንድ ነው።

የፋብሪካ ዘመን ሲመጣ ስሙ መዝለል ጀመረ። በ1847 ጆን መርጋትሮይድ ከዋርሊ አጠገብ ባለው ሉደንደን ላይ ኦትስ ሮይድ የተባለ የሱፍ ፋብሪካ አቆመ። የፋብሪካው ስም ውስጥም ምንጣሮዋ አለች። ሌሎች ኮረብታውን ተሻግረው ወደ ብራድፎርድ፣ ወደ ኪትሊ፣ ወደ ላንክሽር የጥጥ ከተሞች ወረዱ። በ1889 ደግሞ አንድ ጆርጅ መርጋትሮይድ በቼሽር ሚድልዊች ከመሬት ሥር የጨው ውኃ አግኝቶ ሥራ ጀመረ፤ የፓምፑ ቦታ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። ከዚያ በኋላ መርከብ ነው። አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ካናዳ፣ አሜሪካ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የምትታወቀውን ዳንሰኛ ፒታ መርጋትሮይድን ይውሰዱ፤ የተወለደችው ኒው ዚላንድ፣ ያደገችው ፐርዝ አውስትራሊያ ነው። የአንድ ዳገት ስም በአንዲት ሴት ሕይወት ሦስት አገር ረገጠ። ያም ሆኖ በብሪታንያ ካርታ ላይ ስሙን ቢፈልጉት ትልቁ ክምችት ዛሬም ያው ምዕራብ ዮርክሽርና አጎራባቹ ላንክሽር ነው። የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የ1881ን ቆጠራ ከቅርብ ዘመን መዝገቦች ጋር እያነጻጸሩ የስም ካርታ ሠርተዋል። እንዲህ ባሉ ብርቅ ስሞች ላይ የሚታየው ነገር ይገርማል፤ በዚያ ሁሉ ባቡርና መኪና መሃል ብዙ ሰው ካያቱ መንደር ብዙም አልራቀም።

ሰው ለምን እንደሚስቅ ልንገርዎት። በ1960ዎቹ የአሜሪካ የልጆች ካርቱን ላይ ስናግልፐስ የሚባል ሮዝ አንበሳ ነበር፤ በደነገጠ ቁጥር «ወይ ጉድ!» እንደ ማለት «ሄቨንስ ቱ መርጋትሮይድ!» ይላል። አባባሉ ከሱ በፊትም በ1944 ፊልም ላይ ተሰምቷል። ከቤተሰቡ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ድምፁ ስለሚያስቅ ነው የተመረጠው። የባሮኔቱም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1887 ለንደን ሳቮይ ቲያትር ላይ ሩዲጎር የተባለ ኦፔራ ተከፈተ። እዚያ ውስጥ የመርጋትሮይድ ባሮኔቶች አሉ፤ በየቀኑ አንድ ወንጀል ካልሠሩ የሚሞቱ እርግማን ያለባቸው። ደራሲው ስሙን የወሰደው ለጨዋታ ነው። እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች ይህን ተረት ከአያታቸው እንደ እውነት ሰምተውት ያድጋሉ። አማትዎ ዋሽተው አይደለም፤ የተነገራቸውን ነው የነገሩዎት።

አርማው ላይ ግን ጠንከር እላለሁ። በእንግሊዝ ሕግ ለአንድ የቤተሰብ ስም የተሰጠ አርማ የሚባል ነገር የለም። አርማ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው፤ የሚወርሱትም የዚያ ሰው ሕጋዊ ዘሮች ብቻ ናቸው። ይህን ከ1484 ጀምሮ የሚቆጣጠረው ለንደን ያለው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስምዎን አስገብተው አርማ የሚሸጥልዎት ሰው ቢበዛ የሌላ ሰው አርማ ነው የሸጠልዎት። ሳሎን ላይ መስቀሉ ወንጀል አይደለም። ለልጅዎ ግን «ይህ የቤተሰብህ ነው» ብለው አያሳዩት።

ኤሊስ ደሴት በ1892 ነው የተከፈተው። እዚያ የሚሠሩት መርማሪዎች የመንገደኛውን ስም አይጽፉም ነበር። ዝርዝሩ የሚሞላው መርከቡ ሲነሳ፣ ለምሳሌ ሊቨርፑል ላይ ነው፤ እነሱ በዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የስሙ ፊደል በ«አይ» ወይም በ«ዋይ» መለያየቱ ከዚያ በፊትም ነበረ። ማንበብ የማይችል ሰው ስሙን ለቄሱ በአፉ ይናገራል፤ ቄሱ እንደ ሰማው ይጽፋል። አንድ ሰው በጥምቀቱ፣ በጋብቻውና በቀብሩ ላይ ሦስት ዓይነት ፊደል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መዝገብ ሲፈልጉ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይዘው አይቁሙ።

የባለቤትዎን መስመር እስከ ዋርሊ ማድረስ ከፈለጉ ከጄምስ መርጋትሮይድ ወደ ታች አይውረዱ። ከባለቤትዎ ወደ ላይ ይውጡ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አንድ ታዋቂ ሰው ይይዝና ከራሱ ጋር በግድ ይሰፋዋል። ከኢንተርኔት በተገለበጠ የዘር ሐረግ ላይ አባትየው ከሞተ ከዓመታት በኋላ የተወለደ ልጅ አይቻለሁ። መጀመሪያ ከእንግሊዝ የመጣውን አያት ይያዙ። አሜሪካዊ ዜግነት የወሰደው ከ1906 በኋላ ከሆነ ማመልከቻው ላይ የተወለደበት ቀንና ቦታ አለ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ይሻገራሉ። የመንግሥት የልደት ምዝገባ ከሐምሌ 1837 ይጀምራል፤ የመዝገቡ ማውጫ በነፃ ይታያል፣ የእናትንም የቤተሰብ ስም ይነግርዎታል። ቀጥሎ የ1881 ቆጠራ አለ፤ ፋሚሊሰርች የተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ነው። ከ1837 በፊት ያለው በደብር መዝገብ ነው፤ የሃሊፋክሱ ከ1538 ይጀምራል። ሸለቆው ውስጥ ባፕቲስቶችና ሜቶዲስቶች ብዙ ስለነበሩ ልጃቸውን በደብሩ ላያስመዘግቡ ይችላሉ። እዚያ ካጡ የነሱን መዝገብ ይጠይቁ። ከዚያም ወደ ኋላ ለመሄድ የዌክፊልድ ጉልት ፍርድ ቤት መዝገብ አለ፤ ከ1274 እስከ 1925 ይዘልቃል። የጥንቱ ክፍል በላቲን ስለሆነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከ1600 በፊት ሰንሰለቱ ሳይቋረጥ የሚደርስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ቢቋረጥብዎት ሽንፈት አይደለም።

የዲኤንኤ ምርመራ ካሰቡ «ስንት በመቶ እንግሊዛዊ ነህ» የሚለው ዓይነት ለዚህ ጥያቄ አይጠቅምም። የሚጠቅመው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ነው። መመርመር የሚችለው ባለቤትዎ ወይም አማትዎ ነው፤ ውጤቱም ትርጉም የሚኖረው ከሌሎች መርጋትሮይዶች ጋር ሲነጻጸር ነው። ከመመርመራቸው በፊት ግን አማትዎን በግልጽ ያነጋግሯቸው። ውጤቱ ያልተጠበቀ አባት ሊያወጣ ይችላል። ያን መስማት የማይፈልግ ሰው ካለ መዝገቡ ይበቃል።

ስሙን ስለማሳጠሩ መልሴ አጭር ነው፤ አያሳጥሩት። «ሮይድ» ብቻ ማለት «ምንጣሮ» ብቻ ማለት ነው። የየትኛው? የአክሮይድ ነው፣ የሆልሮይድ ነው ወይስ የኦልድሮይድ? የስሙ ዋጋ ያለው በፊተኛው ክፍል ነው። ዋርሊን የሚያሳየው እሱ ነው። ቆርጠው ሲጥሉት ልጁ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚፈልጉት የልጅ ልጆች አድራሻ የሌለው ይሆናል። በዚያ ላይ የስም ለውጥ ማለት ፓስፖርት፣ የባንክ ሰነድ፣ የትምህርት ማስረጃ ሁሉ ማስተካከል ነው። የእርስዎን ወገን ስም ማካተት ከፈለጉ የመካከለኛው ስም ቦታ ክፍት ነው፤ የአባትዎን ስም እዚያ ያስገቡ። ብዙ የአበሻ ቤተሰብ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሁለቱም ወገን ይገኛል።

የልደት ወረቀቱን ሲሞሉ ፊደሉን ከባለቤትዎ የልደት ወረቀት ላይ አይተው ይጻፉ፤ ከአማትዎ አርማ ላይ እንዳይገለብጡ። አማትዎ ገና ጤነኛ ሳሉ ደግሞ የአያታቸውን ስም፣ ሙያና የተቀበሩበትን ቦታ ጠይቀው በወረቀት ያስፍሩ። ከማንኛውም መዝገብ በፊት የሚያስፈልግዎት እሱ ነው።